ከስድስቱ የባትሪ ክፍሎች ሦስተኛው

እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006፣ በጁላይ ወር ሦስተኛው ቅዳሜ፣ የሐዋርያት ጾም በተፈታ በዚያው ሳምንት፣ ናይሮቢ ፓርክላንድስ በሚገኘው የኪራይ ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም የመኪናዬን ቁልፍ ከግድግዳው ማንጠልጠያ አንሥተው ኮት ኪሳቸው ከተቱ። ይህን ያደረጉት ምሳ ጋብዘናቸው በነበሩ ሁለት የማኅበር ወዳጆቻቸው ፊት ነው። ሲከቱም ዝም ብለው አልነበረም።

«የዶክተር ጭንቅላት ከፍ ያለ ነው» አሉ ወደ እንግዶቹ ዞረው። «የመብራት ማጥፊያ ድረስ አይወርድም። ይኸው ሁለተኛ ባትሪ ገደለች።»

እንግዶቹ ሳቁ። አንደኛው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ «ኧረ እንኳንም የሰው ሐኪም አልሆነች ጋሼ! ስንቱን ትጨርሰው ነበር!» አለ። ሁለተኛው ሳቅ ከመጀመሪያው ረዘመ። ባለቤቴ ሳህኑ ላይ የቀረውን አጥንት እንደ አዲስ ነገር ይመረምር ጀመር።

በደሉ ይህ ነው። ዋርሳዬን አንቱ እያልኩ መጻፌን አንባቢ ልብ ይበል፤ ያን ጊዜም አንቱ እላቸው ነበር። ሥርዓት ማፍረስ ለክሴ አንዳች አይጨምርለትም።

መኪናው የእኔ ነበር። ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር ለሚገኙ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች ስተረጉም ባጠራቀምኩት ገንዘብ የገዛሁት፣ ጃፓን አገር ዕድሜውን ጨርሶ ወደ ኬንያ የተላከ ግራጫ መኪና ነው። ስገዛው ግን የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አልተሟላም ነበርና ሎግቡኩ፣ ማለትም የባለቤትነት ደብተሩ፣ በዋርሳዬ ስም ወጣ። በሰው አገር የተለመደ አሠራር ነው፤ ወረቀት ያለው ዘመድ ለሌለው ስሙን ያውሳል። ስሙን ያዋሰ ሰው ግን ውሎ አድሮ ንብረቱን ያዋሰ ይመስለዋል። ዋርሳዬ ሁለት ምግብ ቤት ያስተዳድሩ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢ ውስጥ ቃላቸው የሚሰማ፣ በቤተ ዘመድ መካከል ደግሞ የሚፈራ ሰው ነበሩ። ከቁልፉ በኋላ ውሳኔያቸውን በአጭሩ ተናገሩ፤ «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ገዢ ይዤ እመጣለሁ። መኪና መያዝ ለማትችል ሰው መኪና ማስቀመጥ ኃጢአት ነው።»

ነገ እሑድ ነበር። ከነገ ወዲያ፣ ሰኞ ማለዳ፣ ከከተማው ውጭ ባለ አንድ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ማስተማር እጀምራለሁ። በዶክትሬት የተመረቅሁበትን ሙያ ኬንያ ከገባሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠይቀኝ ሰው ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሌሎች ሰዎችን ስደት ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እያዞርኩ ኖርኩ። ኮሌጁ ያለበት ቦታ በዚያ ሰዓት የከተማው ሚኒባስ ታክሲ፣ ማታቱ፣ አይደርስም። መኪናው ከሄደ ሥራው ይሄዳል። ይህን በዚያ ሳሎን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ ምግብ ማብሰያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ለማልቀስ አልነበረም። አንድ ነገር እየገባኝ ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ በባለቤቴ ቤተሰብ ዘንድ የቀረቡብኝ ክሶች ሁሉ የማይለኩ ነበሩ። ኩሩ ናት። ቀዝቃዛ ናት። መጽሐፍ እንጂ ቤት አታውቅም። እንዲህ ላለው ክስ መከላከያ የለውም፤ ዝም ብትዪም ማስረጃ ነው፣ ብትናገሪም ማስረጃ ነው። ይህኛው ክስ ግን የተለየ ነበር። መብራት ሳታጠፋ እያደረች ባትሪ ገደለች የሚል ነበር። ቮልት ያለው ክስ ነው። ሊለካ ይችላል! የተሰማኝ ስሜት ደስታ መሆኑን ለመለየት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ለረጅም ዘመን ሳይጎበኘኝ የቆየ ዘመድ ነበርና።

ዋርሳዬ የማያውቁት አንድ ነገር፣ ቁልፉ ሁለት መሆኑን ነው። ሁለተኛውን ከመሳቢያዬ አወጣሁ። ከተማሪነት ዘመኔ ጀምሮ ከእኔ ጋር የዞረውን የኮረንቲ መለኪያ፣ መልቲሜትሬን፣ ከሻንጣው ሥር አወጣሁና ባለቤቴን ጠራሁት።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለኝ።

«ልለካ ነው።»

«ወንድሜን ታውቂዋለሽ። በልኬት የሚመለስ ሰው አይደለም።»

«ወንድምህን አይደለም የምለካው።»

ኮፈኑን ከፍቼ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች በባትሪው ሁለት ምሰሶዎች ላይ አሳረፍኩ። ጤነኛ ባትሪ ከአሥራ ሁለት ተኩል ቮልት በላይ ያሳያል፤ ይህኛው አሥራ አንድ እንኳ አልሞላም። መኪናው እንደማይነሣ ለማወቅ መለኪያ አያስፈልግም ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ አልተነሣም። እኔ የምፈልገው መሞቱን ሳይሆን ገዳዩን ነበር። ተጠርጣሪዎቹ ደግሞ አራት ብቻ ናቸው፤ አንደኛዋ እኔ ከነመብራቴ፣ ሁለተኛው የማይሞላ ዲናሞ፣ ሦስተኛው መኪናው ቆሞ ሳለ በስውር ኮረንቲ የሚጠጣ ዕቃ፣ አራተኛው ባትሪው ራሱ።

ከዲናሞው ጀመርኩ። ለዚህ ሞተሩ መነሣት ነበረበትና ባለቤቴና አስካሪው፣ የግቢው ዘበኛ፣ ከኋላ ሆነው መኪናውን በቁልቁለቱ ወደ በሩ ገፉት። አስካሪው «ሱኩማ! ሱኩማ!» እያለ፣ ማለትም ግፋ እያለ፣ ይጮኻል፤ ግፊያውን ግን በአመዛኙ ለባለቤቴ ትቶለት ነበር። ማርሹን አስገብቼ ፍሪስዮኑን ስለቅቀው ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ተነሣ። ወርጄ ለካሁ። ከአሥራ አራት በላይ! ዲናሞው ይሠራል፣ እንዲያውም በደንብ ይሠራል።

«ነጻ ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ማን?» አለ ባለቤቴ፣ ገና እያለከለከ።

«ዲናሞው።»

ሞተሩ ባትሪውን እንዲሞላው ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ተውኩት። የናይሮቢ ጁላይ ብርዳም ነው፤ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ አመድ ለብሶ ይውላል፤ ያን ቀን ግን ሹራቤን አውልቄ ነበር የምሠራው። ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ በሮቹን ሁሉ ዘጋሁና መልቲሜትሩን በባትሪውና በገመዱ መካከል አስገብቼ፣ ቆሞ ያለ መኪና ምን ያህል እንደሚጠጣ አየሁ። የሬዲዮው ሰዓት የሚወስደው ጠብታ ብቻ ነበር። በዚህ መጠን ባትሪው ለመሞት ወራት ያስፈልጉታል። ሦስተኛውም ተጠርጣሪ ነጻ ወጣ።

የቀረነው እኔና ባትሪው ነን።

ሁለቱን ገመዶች ፈታሁ፤ ባለቤቴ ባትሪውን ተሸክሞ ልብስ ከምናሰጣበት የኋላ በረንዳ አስቀመጠልኝ። አሁን ከምንም ጋር አልተያያዘም። ለካሁት፤ ከአሥራ ሁለት ከፍ ብሎ ቆሟል።

«ገመድ የሌለው ባትሪ መብራት ሊያበራ ይችላል?» አልኩት ባለቤቴን።

«አይችልም።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ይህ ቁጥር ወርዶ ከተገኘ፣ ማንም ምንም ሳያበራ ራሱ ደምቶ ሞተ ማለት ነው።»

«ካልወረደስ?»

«ካልወረደ ወንድምህ ልክ ናቸው። ሁለተኛውን ቁልፍም ጨምሬ በእጄ እሰጣቸዋለሁ።»

አየኝ። «አንቺ ደግሞ! ማን ጠየቀሽ?» አለ። ማንም አልጠየቀኝም። ነገር ግን ተሸናፊ ሊያደርገኝ የማይችል ሙከራ ሙከራ አይባልም፤ ይህን ለተማሪዎች ልነግር የምሄድ ሰው በገዛ በረንዳዬ ልክደው አልችልም ነበር።

እሑድ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ በረንዳ ወጣሁ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ጫፎቹን ጠርጌ ሦስተኛ አነበብኩት። ከአሥራ አንድ በታች ወርዶ ነበር።

«ወረደ!» ብዬ ጮኽኩ። «ወረደ! ወረደ!»

አማቴ ከክፍላቸው ብቅ አሉ። ከዐቢይ ጾም በኋላ ከአገር ቤት በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ መጥተው እኛ ጋ የተቀመጡ፣ የጉልበት ሕመም ያለባቸው ሴት ናቸው። ብርድ በጠና ጊዜ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስለማይችሉ እሑድን ዳዊታቸውን እየደገሙ ቤት ይውላሉ።

«ምን ሆንሽ ልጄ? ማን ወረደ?»

«ቮልቱ፣ እማማ! ቮልቱ ወረደ!»

«ተመስገን» አሉ፤ ከሁኔታዬ መልካም ዜና መሆኑን ገምተው። «ምንድነው ግን?»

ባለቤቴ ነጠላውን እየተከናነበ፣ «በቃ፣ ጨረስሽ፤ ለወንድሜ ልንገረው?» አለኝ። እንዳይነግራቸው ከለከልኩት። አልጨረስኩም ነበር። ዋርሳዬ ብልህ ሰው ናቸው፤ የሚሰጡትን መልስ እሳቸው ሳይደርሱ እኔ ሰምቼው ነበር። «መብራት እያበራች ስታሳድርበት ነው ባትሪው የተበላሸው» ሊሉኝ ይችላሉ፤ ይህም እውነትነት አለው። ደጋግሞ ባዶውን ያደረ ባትሪ ይጎዳል። ነገር ግን ባትሪ አንድ ዕቃ አይደለም። በአንድ ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን የተሰለፉ ስድስት የተለያዩ ክፍሎች ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ አሲድ፣ የራሱ የእርሳስ ሰሌዳ፣ የራሱ ክዳን አለው። በመካከላቸው ግድግዳ አለ። መብራት ኮረንቲ ሲጠጣ ከስድስቱም እኩል ይጠጣል። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ስድስቱም እኩል ደክመው መገኘት አለባቸው። አንዱ ብቻ ሞቶ ከተገኘ ግን መብራት አንዱን መርጦ ሊገድል አይችልም። ይህን ለመለየት የአሲዱን ክብደት የሚለካ ሃይድሮሜትር ያስፈልገኛል፤ እሱ ደግሞ አልነበረኝም።

እሑድ ጠዋት ሃይድሮሜትር የሚገኘው ሱቆች እሑድም በሚከፈቱበት በኢስትሊ ሰፈር ነው። በማታቱ ሄድኩ። ሙዚቃው ደረቴ ውስጥ ይመታ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አልረበሸኝም። ከሞያሌ የመጣ ሙስሊም ያገራችን ልጅ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ አውቃለሁ፤ ከፍቶ አገኘሁት። የምፈልገውን ስነግረው ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«እህቴ፣ ባልሽ የመኪና ጠጋኝ ፉንዲ ሆነ እንዴ?»

«ባሌ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለራሴ ነው።»

«ላንቺ? ይሄኮ ለባትሪ ነው።» ከመደርደሪያው የመስታወት ቱቦና የላስቲክ መምጠጫ ያለውን መሣሪያ አውርዶ አቧራውን በእጅጌው ጠረገው። «ወተት ውስጥ ውሃ የሚጨምሩብሽ ከሆነ፣ እዚያ ማዶ የሚለካልሽ አለ።»

«መርሁ አንድ ነው» አልኩት። «እኔ የምፈልገው ግን አሲድ ውስጥ ውሃ የጨመረብኝን ነው።»

ሳቀ። «ወላሂ፣ ያን ሰውዬ ብሆን ዛሬውኑ ናይሮቢን ለቅቄ እሄድ ነበር።»

ስመለስ ጋዜጣ አንጥፌ ባትሪውን ልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አወጣሁና ስድስቱን ክዳኖች ፈታሁ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከአንዱ ክፍል አሲድ በላስቲኩ ትመጫለሽ፣ በቱቦው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ይነሣል። አሲዱ ጤነኛና ከባድ ከሆነ ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ አረንጓዴው መስመር ላይ ይቆማል፤ ቀጥኖ ውሃ ከሆነ ይሰምጣል፣ ቀዩም መስመር ይታያል። የመጀመሪያው ክፍል አረንጓዴ። ሁለተኛው አረንጓዴ። ሦስተኛውን ስመጥ ተንሳፋፊው እንደ ድንጋይ ወረደ።

አሲዱን ወደ ቦታው መልሼ እንደገና መጠጥኩ። እንደገና ቀይ! አራተኛው አረንጓዴ፣ አምስተኛው አረንጓዴ፣ ስድስተኛው አረንጓዴ። በበረንዳው ላይ ብቻዬን ቆሜ፣ ጓንት በለበሰ እጄ ቱቦውን ወደ ግራጫው ሰማይ አንሥቼ፣ እንደ ሞኝ እየሳቅሁ እንደነበር አስታውሳለሁ። መብራት አንዱን መርጦ አይገድልም!

ዳኝነቱ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ነገር ግን በቱቦው ውስጥ ያየሁት ነገር አላስቆመኝም። የአምስቱ ክፍሎች አሲድ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ የሦስተኛው እንደ ቀጭን ሻይ ቀልቷል። ሌላም ነገር አለ። አምስቱ ክፍሎች ውስጥ አሲዱ ጎድሎ የእርሳስ ሰሌዳዎቹ አናት ላይ ደርሷል፤ ሦስተኛው ግን እስከ አንገቱ ሞልቷል። ስለዚህ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንዱን ክዳን ብቻ ፈትቶ ውሃ ሞልቶበታል። እኔ አልነበርኩም። ለባትሪው የገዛሁት የተጣራ ውሃ ማሸጊያው ሳይከፈት መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሏል። የቧንቧችን ውሃም ቀይ አይደለም።

በዚያ ቤት ውስጥ ቀላ ያለ ውሃ ያለበት ዕቃ አንድ ብቻ ነበር። አማቴ ከአንድ ገዳም ሥር ከሚፈልቅ ምንጭ አስቀድተው፣ ያን ሁሉ መንገድ በጭናቸው መካከል ይዘው ያመጡት ቢጫ ጄሪካን። ጉልበታቸውን ጠዋትና ማታ የሚቀቡት ጠበል ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት ብረት ብረት ይሸታል።

ግምት ማስረጃ አይደለም። ሦስት የሾርባ ማንኪያ አሰለፍኩ። በአንዱ የተጣራ ውሃ፣ በአንዱ የቧንቧ ውሃ፣ በአንዱ ከጄሪካኑ ጥቂት ጠበል ቀድቼ፣ በጋዙ እሳት ላይ ተራ በተራ አተነንኳቸው። የመጀመሪያው ማንኪያ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው ስስ ነጭ ቀለበት ተወ። ሦስተኛው ገና እየፈላ ሳለ ጠርዙ ላይ የዛገ ቆርቆሮ የመሰለ ቅርፊት ማውጣት ጀመረ። ብረት! ብረት በእርሳስ ባትሪ ውስጥ ሲገባ ክፍሉን ቀንና ሌሊት፣ ሥራ ሳይኖረው፣ ከውስጥ ያደማዋል። በሩ መከፈቱን አልሰማሁም።

«ምን እያበሰልሽ ነው?» አሉ አማቴ፣ በምርኩዛቸው ቆመው።

«ውሃ፣ እማማ።»

«በማንኪያ?» ከዚያ ዓይናቸው ክዳኑ የተከፈተው ጄሪካን ላይ አረፈ። «ስመ ሥላሴ! ጠበሌን ትቀቅያለሽ? እሱ ደግሞ ምን አደረገሽ?»

አስቀመጥኳቸው። ባትሪውን፣ ሦስተኛውን ክፍል፣ ቀዩን አሲድ፣ ማንኪያዎቹን በየተራ አሳየኋቸው። ስለ ጠበሉ አንዳች ክፉ ቃል አልተናገርኩም፤ ለጉልበት የመጣ ነገር ለእርሳስ እንዲሆን አይጠበቅበትም። ከዚያ ጠየቅኋቸው፤ «ከእርስዎ ሌላ ይህን ጠበል ማን ነካው?»

ማንኪያዋን ተቀብለው ቅርፊቱን በጣታቸው ዳሰሱ። 

«መጉደሉንስ አውቄ ነበር» አሉ። «አንቺ ነሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። በስውር ትጠመቃለች፣ ልቧ ተመለሰ ብዬ ስንት ቀን አመሰገንኩ።»

«እኔ አይደለሁም፣ እማማ።»

«አሁንማ አየሁ። ታላቁ ልጄ ነው! የእሱ መኪና ጋራዥ የገባ ጊዜ ያንቺን ተውሶ የለ? የመለሰ ቀን ‹እማዬ፣ ለመኪናው ትንሽ ጠበል› አለኝ። ‹ራስህ ጥቂት ቅዳ› አልኩት፤ ይህን ያህል መውሰዱን አላየሁም። ይረጭላታል ብዬ ነዋ! ያጠጣታል ብዬ መች አሰብኩ?»

መኪናዬ መታመም የጀመረው ዋርሳዬ ተውሰው ከመለሱት በኋላ ባለው ወር ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ዋርሳዬ መጡ። ነጠላቸውን በአንድ ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ከኋላቸው ገዢውን አስከትለው፤ ገዢው ለብዙ ዘመን የሚያውቃቸው ቁጥብ ነጋዴ ነበር። ባለቤቴ ከሁለቱ ኋላ ገባ። ወደ በረንዳው እንዲያልፉ ጠየቅኋቸው።

«ምንድነው ይሄ? ቀዶ ጥገና ነው?» አሉ ዋርሳዬ ባትሪውን አይተው።

«አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፣ ጋሼ። ጠበሉን ሲጨምሩ ከነዚህ ስድስት ክዳኖች የትኛውን ከፈቱ?»

ይክዳሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልካዱም። ጥያቄው ሞኝነት መስሎ ታያቸው እንጂ።

«መሐል ያለውን ነዋ። ምን ልዩነት አለው? ሁሉም ወደ አንድ ሆድ ነው የሚወርደው።»

«አይወርድም። ስድስት አፍ፣ ስድስት ሆድ ነው።»

«ባትሪ ውሃ ይፈልጋል ብለሽ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ! ከቧንቧ ውሃ ጠበል አይሻልም? ነው ወይስ በጠበልም ልትከራከሪ ነው?»

አልተከራከርኩም። ሃይድሮሜትሩን ሰጠኋቸው፤ ስላልተቀበሉኝ ለገዢው ሰጠሁት። ገዢው እጁን ጠርጎ እንዳሳየሁት አንድ በአንድ መጠጠ፤ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። ሲጨርስ ቱቦውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እነዚህ አምስቱ እኮ ደህና ናቸው» አለ። «ያጠመቁት ነው የሞተው።»

ባለቤቴ ሳቀ። በወንድሙ ፊት ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ወዲያው በሳል ሸፈነው።

«ከገዳም ድረስ፣ በዚህ ጉልበቴ!» አሉ አማቴ ከበሩ ላይ። «እኔ እያነከስኩ፣ አንተ እርሳስ ታጠጣልኛለህ? በል ቁልፉን ስጣት።»

«እማዬ፣ እኔኮ ለበረከት ብዬ...»

«ቁልፉን!»

ዋርሳዬ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው በጋዜጣው ላይ አስቀመጡት። በእጄ አልሰጡኝም። «እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ።

ገዢው ግራ ተጋብቶ፣ «ታዲያ አይሸጥም ማለት ነው?» አለ።

«የምን መሸጥ?» አሉ አማቴ። «ባትሪውን ከፈለግህ ውሰደው፤ የተባረከ ነው።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ሳልጠይቀው ኢስትሊ ሄዶ አዲስ ባትሪ ይዞ መጣ። ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ ሞተሩ በመጀመሪያው ዙር ተነሣ። ጭጋግ በተኛበት መንገድ ላይ ስነዳ መዝሙር ይሁን ዘፈን የማላስታውሰው ነገር እዘምር ነበር፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ ስገባ የጋዙና የአሲዱ ሽታ ተቀበለኝ። ለተማሪዎቼ የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጠሁት ገዢው ትቶት በሄደው በዚያው በሞተው ባትሪ ነው። ከፊት ረድፍ የተቀመጠች ልጅ ተንሳፋፊው ሲሰምጥ አይታ፣ «ምንድነው የገደለው?» ብላ ጠየቀችኝ። «እንድትነግሪኝ ነው ያመጣሁት» አልኳት። እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ አገኘችው። በዚያ ኮሌጅ ብዙ ዓመት አስተማርኩ።

ዋርሳዬ ግን ያንን ባትሪ ማን እንደገደለው ለእነዚያ ሁለት እንግዶች አልነገሯቸውም። አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ጥርሱን የሚጎረጉረው ሰው ከዚያ በኋላ በየበዓሉ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ባገኘኝ ቁጥር፣ «ዶክተር፣ መብራት አጠፋሽ?» እያለ ይስቅ ነበር። ዋርሳዬም አጠገቡ ቆመው ይሰሙ ነበር። እኔ አላረምኩትም። ማረም የእኔ ሥራ አልነበረም።

ይህም ቢሆን የምጽፍበት ምክንያት አይደለም። የምጽፈው ስለ ሌላው፣ ስለ መጀመሪያው ባትሪ ነው። «ሁለተኛ ባትሪ ገደለች» ሲሉ የቆጠሩብኝ የመጀመሪያው፣ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሞቶ፣ ማንም ክዳኑን ሳይከፍት ለቁራጭ እርሳስ ሰብሳቢ ተሰጥቷል። በእሱ ላይ አንድም ልኬት የለኝም። ምናልባት ዕድሜው ደርሶ ነው። ምናልባት እውነትም መብራት ረስቼ አድሬ ይሆናል፤ የማላስታውሰውን ነገር አላደረግሁም ብዬ አልምልም። አማቴ ያን ጊዜ ናይሮቢ አልነበሩም፤ ጠበል ግን በየመንገደኛው እጅ ይመጣ ነበር። ማስረጃ በሌለበት ራሴን ነጻ አላወጣም፤ ጋሼ፣ እርስዎንም አልኮንንም። በዚህ ጉዳይ እውነቱን የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ አለ፤ እግዚአብሔር ያውቃል ማለት ደግሞ የእርስዎን ማወቅ አያስቀርም።

ስለዚህ፣ ጋሼ፣ በሕይወት እያለን ይህን ይመልሱልኝ፤ በመጀመሪያው ባትሪ ውስጥም ጠበል ጨምረው ነበር ወይስ አልጨመሩም? ምክንያቱን አልጠይቅም፣ ይቅርታም አልፈልግም። ጨምሬአለሁ፣ ወይም አልጨመርኩም ይበሉኝ።